የቤት ኩኪስ ለስጦታ በምን ይታሸጋል? ቆንጆ ዕቃ የማግኛና የማዘጋጃ መመሪያ

በዓል በተቃረበ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ኩኪሱንስ ጋገርኩት፤ በምን አድርጌ ልስጠው?» በፌስታል መስጠት ያሳፍራል። በሳህን ካደረጋችሁት ሳህኑ ይመለስልኝ ይሆን እያላችሁ ትቀራላችሁ። የስጦታ ሱቅ ካርቶን ደግሞ አንዳንዴ ከዱቄቱና ከቅቤው በላይ ያስወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ በተራ ጽፌዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የስጦታ ዕቃ ሁለት ሥራ አለበት። መጀመሪያ ኩኪሱን ሳይለሰልስ፣ ሳይሸትና ሳይሰበር ማድረስ፤ ከዚያ ዓይን መሳብ። መልክ በኋላም በጥለትና በሪባን ይጨመራል። የማይገጥም ክዳንን ግን ምንም ሪባን አያድነውም። ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ ክዳኑን አስቀድሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ዕቃው ራሱ፦ ባለ ክዳን ጣሳ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ የኬክ ካርቶን ወይም ሙዳይ
• ላርጎ ወይም ሌላ የዕቃ ሳሙና
• ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ የምግብ ዘይት፣ ለሙጫና ለሽታ
• ቤኪንግ ፔፐር፤ ካላገኛችሁ ፎይል
• ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ ኮላ
• ጥለት፣ የሸማ ቁራጭ፣ ሪባን ወይም ሲባጎ
• ትንሽ ካርድና እስክሪብቶ
• አንድ ቁራሽ ዳቦ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ)

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ኩኪስ እንደሆነና መቼ እንደሚበላ ወስኑ

ደረቅና ቀርቃራ ኩኪስ ጠላቱ እርጥበት ነው። አየር የማያስገባ ጣሳ ወይም ጠርሙስ ይፈልጋል። ለስላሳው በተቃራኒው እርጥበቱ ወጥቶ ይደርቅበታል፤ እሱም ጥብቅ ክዳን ይፈልጋል፣ ግን ለብቻው። ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ ካደረጋችሁ እርጥበቱ ከለስላሳው ወደ ደረቁ ይሄዳል። በማግስቱ ደረቁ ልፍስፍስ ብሎ፣ ለስላሳው ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ወቅቱንም አስቡበት። እንቁጣጣሽ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው የሚመጣው፣ አየሩም እርጥብ ነው። ለመስከረም 1 የሚሰጥ ኩኪስ በካርቶን ወይም በሙዳይ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይለሰልሳል። ገና ሲሆን በጋ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ካርቶንም ለሁለት ቀን ያህል አያሳፍርም። ድሬዳዋ ወይም ሌላ ሞቃት አገር ያላችሁ ደግሞ ቸኮሌት የተቀባውን እርሱት። ቸኮሌት ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። ቅቤና እንቁላል ያለበት ኩኪስ ለሚጾም ሰው ከበዓሉ በፊት ከሰጣችሁ ተቀባዩ እስከ ገና ያስቀምጠዋል። ያኔ ዕቃው የማቆየት ሥራ ይጨመርበታል ማለት ነው። ወይ የጾም ኩኪስ በዘይት ጋግሩ፣ ወይ በጥብቅ ጣሳ አድርጉት፣ ወይ በዋዜማው ማታ አድርሱ።

ደረጃ 2፦ ለኩ

የአንዱን ኩኪስ ስፋት በማስመሪያ ለኩ። የዕቃው አፍ ከዚያ ቢያንስ በ1 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ማስገባቱ ቀላል ሆኖ ማውጣቱ መከራ ነው። እጅ የማይገባበት ጠርሙስ ውስጥ የተደረደረ ኩኪስ የሚወጣው ተገልብጦ፣ ተሰባብሮ ነው።

ገና ያልጋገራችሁ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ዕቃውን መጀመሪያ አግኙ፣ ኩኪሱን በዕቃው ልክ ቁረጡ። መቁረጫ ከሌላችሁ የሲኒ አፍ ለጣሳ፣ የጠርሙስ ክዳን ለጠርሙስ ጥሩ መቁረጫ ነው። ሊጡ ምድጃ ውስጥ ትንሽ እንደሚሰፋ ግን አትርሱ።

ልኩን ክብ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁረጡና ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ገበያ ላይ ዕቃ ስታዩ ወረቀቱን አፉ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ በዓይን ግምት ገዝቶ መመለስ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን ፈልጉ

ቅደም ተከተሉ ከነፃው ወደ ውዱ ነው። ፍለጋውን በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ጀምሩ። በዋዜማው ሁሉም ሰው ይፈልጋል፣ ዋጋውም ያንን ያውቃል።

ከቤት ጀምሩ። የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ኒዶም ይሁን ሌላ፣ ለእኔ አንደኛ ነው። ብረት ስለሆነ አይሰበርም፣ ብርሃን አያስገባም፣ የፕላስቲክ ክዳኑ ጥሩ ይገጥማል። ጉድለቱ መልኩ ብቻ ነው፤ እሱን ደረጃ 7 ላይ እናለብሰዋለን። ሽፋኑ የተቀደደበትን የውስጥ ከንፈር ግን በጥንቃቄ እዩ። ስለታም ጠርዝ ካለ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ ወደ ውስጥ አስተኙት፤ የሚቀበለው ሰው እጁን ሲያስገባ እንዳይቆርጠው።

ቀጥሎ ሰማያዊው ክብ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። አዎ፣ እናታችሁ መርፌና ክር ያስቀመጡበት እሱ። በድርድር ካገኛችሁት ዕድለኛ ናችሁ፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ልብስም አያስፈልገውም። ስፒልና መርፌ ግን ታችኛው መገጣጠሚያ ውስጥ ይደበቃል። ገልብጣችሁ አራግፉ፣ በስልክ ባትሪ እያበራችሁ ዙሪያውን ፈትሹ፣ ማግኔት ካላችሁ መገጣጠሚያው ላይ በእጃችሁ ይዛችሁ አዙሩ። ይህን ፍተሻ ሳትጨርሱ አንድም ኩኪስ አታስገቡ።

የማር፣ የማርማላታ፣ የማዮኔዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የነስካፌ ጠርሙሶችም አሉ። ውስጡ ስለሚታይ ኩኪሱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ትንንሽ ኩኪስ፣ ዳቦ ቆሎም ጭምር፣ እዚህ ውስጥ ያምራል። የበርበሬና የሚጥሚጣ ጠርሙስ ግን ለሌላ ሥራ ይቆይ።

ቤት ካለቀባችሁ የሰፈራችሁን ካፌ ወይም ምግብ ቤት ጠይቁ። ትልልቅ የማዮኔዝና የማርማላታ ዕቃ በየጊዜው ባዶ ይሆንባቸዋል። «ከክዳኑ ጋር አስቀምጡልኝ» በሉ። ክዳኑን ካልጠቀሳችሁ ጠርሙስ ብቻ ነው የሚጠብቃችሁ።

ቁራሌው በደጃችሁ ሲያልፍም ጥሩት። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠራው ልንሸጥለት ነው፤ ከእሱ መግዛትም ይቻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ምን ነበረበት?» መልሱ «እንጃ» ከሆነ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ።

መርካቶ ከወጣችሁ ምናለሽ ተራን አትለፉ። ያገለገለ ጣሳ፣ ቆርቆሮና ሳጥን፣ ከቁርጥራጭ ብረት እንደገና የተሠራ ዕቃም ይገኛል። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ፣ የለካችሁትን ወረቀት ያዙ፣ ክዳኑን ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ተከራከሩ። እንደገና የተሠራ ዕቃ ከሆነ ከምን እንደተሠራ ስለማይታወቅ የታሸገ ኩኪስ ማስቀመጫ እንጂ በቀጥታ ምግብ የሚነካ አታድርጉት።

ለብዙ ሰው የምትሰጡ ከሆነ፣ ለቢሮ ወይም ለማኅበር፣ የሰፈር ኬክ ቤት ባዶ ካርቶን ይሸጥላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚመጣ ቦታ አይዝም፣ ቅባትም ከተራ ካርቶን በተሻለ ይችላል። ብቻውን ግን አየር ያስገባል፤ በተሰጠበት ቀን ወይም በማግስቱ ለሚበላ ነው።

በመጨረሻ ለአማች፣ ለክርስትና እናት፣ ለመምህር፣ ላከበራችሁት ሰው ሙዳይ አለ። ባለ ክዳን፣ ትንሽ፣ ኩኪሱ ካለቀ በኋላም ሰው ቤት የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ሽሮ ሜዳ በኩል የባህል ዕቃ ከሚሸጡት ታገኛላችሁ፤ የሐረር ስፌት በእጃችሁ ከገባ ደግሞ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ስትገዙ ክዳኑ እኩል መቀመጡን፣ የስፌቱ ጫፍ አለመተርተሩን እዩ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በቀለሙ ላይ አሸት አሸት አድርጉ። ጨርቁ ከቀለመ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነው፤ ውስጡን ሳታለብሱት አትጠቀሙበት። አገልግልም ያምራል፣ ግን የቆዳው ሽታ ከባድ ነው። ኩኪሱ በደንብ ታሽጎ ካልገባ ሁሉም ቆዳ ቆዳ ይላል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ባለ ስዕል የኩኪስ ቆርቆሮ የፈረንጅ ገና ካለፈ በኋላ በቅናሽ ሲሸጥ ገዝታችሁ ለእኛ ገና አድርሱት። ቀኑ ተመችቶናል። ከአሮጌ ዕቃ መደብር የምትገዙት በጣም የቆየ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ቀለሙ ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ለታሸገ ኩኪስ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ክዳኑን ፈትኑ

ጠርሙስ ከሆነ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልታችሁ ዝጉና ለአምስት ደቂቃ ገልብጡት። ካንጠባጠበ አየርም ያስገባል። ጣሳ ወይም ቆርቆሮ ከሆነ ቀጭን ወረቀት በከንፈሩ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉበት፣ ወረቀቱን ሳቡ። ያዝ ካደረገው ጥሩ ነው። ሳይዘው ሾልኮ ከወጣ ክዳኑ ላልቷል። ዙሪያውን በተለያየ ቦታ ሞክሩት፤ የተጎዳ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ገጥሞ በሌላው ይከፈታል።

የላላ ክዳን ሁልጊዜ አይጣልም። ኩኪሱን በውስጥ በፎይል አጥብቃችሁ ካሸጋችሁት፣ ወይም የክዳኑን መገናኛ ዙሪያውን በፕላስተር ከዘጋችሁት ይሠራል። ፕላስተሩን በጥለት ትሸፍኑታላችሁ።

ደረጃ 5፦ እጠቡ፣ ሙጫውንና ሽታውን አስወጡ

የጠርሙሱን ወረቀት ለማንሳት ላርጎ ባለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ወረቀቱ ይላጣል፣ ሙጫው ይቀራል። ለሙጫው ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ቀላቅላችሁ ቀቡ፣ ትንሽ አቆዩ፣ በጨርቅ አሹ፣ በሳሙና እጠቡ። ዘይቱ ሙጫውን ያላቅቃል፣ ሶዳው ይፍቀዋል። በሽቦ አትፈትጉት። ጠርሙሱን ይጭረዋል፣ ከቆርቆሮው ላይ መከላከያውን ያነሳና ዝገት ይጋብዛል።

አሁን ዳቦው። ኩኪስ ውስጥ ያለው ቅቤ ሽታ ይስባል፤ ትናንት ነስካፌ የነበረበት ጠርሙስ ኩኪሱን ነስካፌ ነስካፌ ያሰኘዋል። አፍንጫ ደግሞ በቶሎ ይለምዳል፣ አትመኑት። ዕቃው በደንብ ከደረቀ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ውስጡ አድርጋችሁ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዳቦውን አሽትቱ፣ ትንሽ ቅመሱ። ዳቦው ዳቦ ዳቦ ካለ ዕቃው ዝግጁ ነው።

ሌላ ሽታ ካለው ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የክዳኑ ነው። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ያለው ለስላሳ ሽፋን ሽታ ይይዛል፤ ብርጭቆው ራሱ አይይዝም። ክዳኑ ውስጥ ደረቅ ቤኪንግ ሶዳ በትናችሁ አሳድሩ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አውሉ፣ የዳቦውን ፈተና ድገሙ። አሁንም ካልለቀቀ ክዳኑን ቀይሩ። በበረኪና አትድከሙ፤ የራሱን ሽታ ይተዋል፣ ቆርቆሮውንም ያዝገዋል።

ሙዳይ አይታጠብም። በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት፣ ክፍት አድርጋችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከታጠበ ቀለሙ ይሄዳል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከቀረም ይሻግታል።

ደረጃ 6፦ አድርቁ

በፎጣ መጥረግ አይበቃም። የጣሳና የቆርቆሮ መገጣጠሚያ ውኃ ይደብቃል፤ ያ ውኃ በሁለት ቀን ዝገት ይሆናል፣ ደረቁን ኩኪስም ያለሰልሳል። የፕላስቲኩን ክዳን አውጡ፤ ጣሳውን ብቻ እስከ 100 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አስገቡት። ምድጃ ከሌለ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል። ክረምት ከሆነ ኩኪሱን ጋግራችሁ ምድጃውን ስታጠፉ የቀረውን ሙቀት ተጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ አልብሱት

ሰው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ አጭሩ ደረጃ ግን ይሄ ነው።

ለጣሳ፦ የዙሪያውን ልክ በሲባጎ ለኩ፣ በዚያ ልክ የሸማ ቁራጭ ወይም ወፍራም ወረቀት ቁረጡ፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ በኮላ አጣብቁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብላችሁ የተረፈ ጥለት ጠይቁ። ነጭ ሸማ ላይ አንድ ዙር ጥለት ከየትኛውም የሱቅ ሪባን ይበልጣል። ከላይ ክዳኑ ከሚያርፍበት ከንፈር በታች 1 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ። ጨርቁ እስከ ከንፈሩ ከደረሰ ክዳኑ አይገጥምም፣ እስካሁን የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ገባ።

ለጠርሙስ፦ አካሉን አትሸፍኑት፣ ውበቱ መታየቱ ነው። ክዳኑ ላይ ክብ ጨርቅ አልብሳችሁ በሲባጎ እሰሩ።

ቀለም መርጨት ከፈለጋችሁ ከውጭ ብቻ፣ ደጅ ሆናችሁ። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ቀናት ስጡት፣ የዳቦውንም ፈተና ድገሙ። አደይ አበባና ቀጤማ ለእንቁጣጣሽ ያምራሉ፤ ሲባጎው ላይ፣ በምትሰጡበት ሰዓት ይሰኩ። እርጥብ ስለሆኑ ውስጥ አይገቡም።

ደረጃ 8፦ ደርድሩ

ኩኪሱ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። ለብ እያለ ከተዘጋበት እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ውኃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ከዚያ ሻጋታ ሩቅ አይደለም።

የዕቃውን ታችና ዙሪያ በቤኪንግ ፔፐር አልብሱ። ከባዱን ከታች፣ ስሱን ከላይ አድርጉ። በየንብርብሩ መካከል ወረቀት ይግባ። ቀረፋ፣ ዝንጅብል ወይም ቅርንፉድ የበዛበትን ከሌላው ለዩት፤ አብሮ ካደረ ሁሉም የቅርንፉድ ኩኪስ ይሆናል። ማር ወይም ስኳር የተቀባውን በደንብ ሳይደርቅ አትደራርቡት።

ዕቃው እስከ አፉ ይሙላ። ክዳኑን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ድምፅ ከሰማችሁ ክፍተት አለ፣ ኩኪሱም መንገድ ላይ ይሰባበራል። ክፍተቱን በተጨማደደ ቤኪንግ ፔፐር ሙሉት። ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን ጣሳ እንጂ ጠርሙስ አትላኩ፤ ጣሳውንም በልብስ መሃል አድርጉት።

ደረጃ 9፦ ካርዱን ጻፉ

ስማችሁን፣ የተጋገረበትን ቀን፣ «የጾም» ወይም «የፍስክ» መሆኑን ጻፉ። እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ካለበት በስሙ ጥቀሱ፤ የሚያማቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ልጆች። በመጨረሻ «ዕቃው አብሮ ስጦታ ነው» በሉ። በብዙ ሰፈር ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ይህን ካልጻፋችሁ ሰውዬው ምን ጨምሬበት ልመልስ እያለ ይጨነቃል።

ማስጠንቀቂያ

• የቀለም፣ የፀረ ተባይ፣ የነዳጅ፣ የዘይት ግሪስ ወይም የበረኪና ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚገባው ማለትም አያዋጣም።
• ጋዜጣ ከኩኪሱ ጋር አይነካካ። ቅቤው ቀለሙን ይስበዋል። ጥቁር ፌስታልም እንዲሁ፣ ለምግብ የተሠራ አይደለም።
• ጠርዙ የተሸረፈ ወይም የተሰነጠቀ ጠርሙስ ይጣል። የብርጭቆ ስባሪ ከስኳር አይለይም።
• ውስጡ የዛገ ቆርቆሮ አትጠቀሙ። ውጩ ትንሽ ቢዝግ በጨርቅ ይሸፈናል፣ ውስጡ ግን አይሸፈንም።
• ጌጣ ጌጥ፣ ብልጭልጭና የፕላስቲክ ዶቃ በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል አይለጠፍ። ይወድቃል፣ ሕፃን ያገኘዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ትልቅ ዕቃ መምረጥ። ለጋስ ያስመስላል ብለው ያስባሉ፣ ግን ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ ጣሳ ስስታም ያስመስላል፣ ኩኪሱንም ይሰብራል። ትንሹን ሙሉት።

የጫማ ካርቶን ውስጥ እንዲሁ መደርደር። ኮላውና ቆዳው ይሸታል። የግድ ከሆነ ኩኪሱ በፎይል በደንብ ይታሸግ፣ ካርቶኑም ሙሉ በሙሉ በወረቀት ይልበስ።

ሙዳይ ውስጥ ኩኪሱን እንዳለ መጨመር። ስፌት አየር ያስተላልፋል። በፎይል አሽጋችሁ፣ በላዩ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ሲከፈት የሚታየው ጨርቁ ነው።

ሪባኑን ክዳኑ ላይ በኮላ ማጣበቅ። ተቀባዩ አንድ ኩኪስ ለመብላት ጌጡን መቅደድ አለበት፣ ከዚያ በኋላም ክዳኑ አይዘጋም። ክዳኑ ጌጡ ሳይነካ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ሰጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝጉት።